«ሲጋራ ካቆምኩ ወዲህ ነው የታመምኩት»

አጎቴ ሠላሳ ዓመት ያህል አጭሷል። ባለፈው ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ «በቃኝ» ብሎ አቆመ። ቤተሰቡ ሁሉ ደስ አለው። በሦስተኛው ሳምንት ደወለልኝ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ሳል ያዘው። ሲለቀው «ስማኝማ፣ እኔ እኮ ሳጨስ ደህና ነበርኩ። ሲጋራ ካቆምኩ ወዲህ ነው የታመምኩት። ሰውነቴ ለምዶት ኖሯል» አለኝ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጠርጥሬያለሁ። አልቀረም። «በቀን አንድ ሁለት ፍሬ እያልኩ ቀስ ብዬ ባቆም አይሻልም?»

ይቺን ነገር ከእሱ ብቻ አልሰማኋትም። ከታክሲ ሹፌርም፣ ከሥራ ባልደረባም ሰምቻታለሁ። ብዙ ሰው ወደ ሲጋራው የሚመለሰው በዚህች በር ነው። ሰውየው አልዋሸም፤ በእርግጥም ያስለዋል። የተሳሳተው ሳሉ ከምን እንደመጣ ሲገምት ነው። ይህን ለመረዳት ሳንባ ውስጥ ትንሽ ጊዜ መቆየት ያስፈልጋል።

ነፋስ የሚያወዛውዘው ማሳ

የምንስበው አየር በአፍንጫና በጉሮሮ አልፎ የአየር ቧንቧ ውስጥ ይገባል። ቧንቧው ደረት ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሳንባ፣ አንዱ ወደ ግራ። እነሱም እንደገና ለሁለት፣ ከዚያም ለሁለት እየተከፈሉ ወደ 23 ጊዜ ይከፋፈላሉ። ተዘቅዝቆ የቆመ ዛፍ አስቡ። ግንዱ ጉሮሮ ነው። የመጨረሻዎቹ ቀንበጦች ጫፍ ላይ ደግሞ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ተንጠልጥለዋል። ከ300 እስከ 500 ሚሊዮን ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል። ግድግዳቸው ተዘርግቶ መሬት ላይ ቢነጠፍ 70 ካሬ ሜትር አካባቢ ይሸፍናል። ሰፋ ያለ የኮንዶሚኒየም ቤት ወለል ማለት ነው፤ ያ ሁሉ ደረታችን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

የቧንቧዎቹ ውስጠኛ ግድግዳ በቀጭን ዝልግልግ ፈሳሽ ተሸፍኗል። አቧራው፣ ጀርሙ፣ የምድጃው ጥላሸት እሱ ላይ ይጣበቃል። ከፈሳሹ ሥር በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ። ሐኪሞች ሲሊያ ይሏቸዋል። አንዷ ሕዋስ ብቻዋን ወደ 200 ትሸከማለች። ፀጉሮቹ በሰከንድ ከአሥር ጊዜ በላይ ወደ ላይ ይወዛወዛሉ፤ እየተወዛወዙም ፈሳሹን ከነቆሻሻው ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። እዚያ ሲደርስ ሳናውቀው እንውጠዋለን። ሌት ተቀን የሚሠራ የጽዳት ሥራ ነው፤ ጤነኛ ሰው ግን መኖሩንም አያውቅ።

በመስከረም መጨረሻ ገጠር የሄደ ሰው የጤፍ ማሳ ነፋስ ሲመታው አይቷል። ማዕበሉ ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ እስከ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። ሲሊያም እንዲሁ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ረድፍ ሲያጎነብስ ቀጣዩ ይነሳል።

የሲጋራ ጭስ ለዚህ ማሳ በረዶ ነው። በጭሱ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ። ጥቂቶቹ ፀጉሮቹን ያፈዛሉ፣ እንቅስቃሴያቸውን ያዘገያሉ። ጭሱ ለዓመታት ሲደጋገም ፀጉሮቹ እያጠሩ ይሄዳሉ። ቦታ ቦታው ላይ ጭራሹኑ ይጠፉና ምንም ፀጉር የሌለው፣ እንደ ቆዳ ጠንከር ያለ ሽፋን ይተካቸዋል። በዚያው ጊዜ ፈሳሽ አመንጪዎቹ ሕዋሳትና ዕጢዎች ይበዛሉ፣ ያብጣሉ። ቆሻሻው ይጨምራል፣ ጠራጊው ይቀንሳል። የቀረው መውጫ ሳል ብቻ ነው።

የአጫሽ ሰው ሳል ጠዋት የሚብሰው አንድም በዚህ ነው። ሌሊቱን የተጠራቀመው አክታ አለ። ሰውየው ተኝቶ ጥቂት ሰዓት ጭስ ስላልገባ ደግሞ የፈዘዙት ፀጉሮች ትንሽ ነቃ ነቃ ይላሉ። ጠዋት ሁለቱ ይገናኛሉ። ከዚያ የመጀመሪያዋ ሲጋራ ስትለኮስ ሳሉ ጋብ ይላል፤ አጫሹም «ሲጋራዋ አሻለችኝ» ይላል። ያሻለችው መስሎት ነው እንጂ ጠራጊዎቹን መልሳ አስተኝታቸው ነው።

እንግዲህ ሲጋራ ማቆም ማለት ያ ጠዋት ሳምንታት ሲረዝም ማለት ነው። ፀጉሮቹ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ መወዛወዝ ይጀምራሉ። ፈሳሽ አመንጪዎቹ ግን እንዲህ ቶሎ አይረግቡም፤ ወራት ይፈልጋሉ። በመሃል ያለው ጊዜ የመጥረግ ጊዜ ነው። አክታው ይንቀሳቀሳል፣ ይወጣል፣ አንዳንዴም ጠቆር ብሎ ይወጣል። ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም። ብዙ ሰው ሲጋራ ያቆመ ሰሞን ሳሉ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። የሚብስባቸውም ቢሆኑ አብዛኛዎቹን በጥቂት ሳምንታት ይለቃቸዋል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ልበል። «ሳሉ የማቆም ሳል ነው» ብሎ መተኛትም አደገኛ ነው። አገራችን የሳንባ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። ማጨስ ደግሞ ራሱ ለነቀርሳ ያጋልጣል። ሳል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ አክታ ማስመርመር ነው፤ ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤት ለቤት እየዞሩ ሲናገሩት የኖሩት ነው። አክታው ደም ከቀላቀለ፣ ሰውየው ከከሳ፣ ሌሊት ካላበው፣ ወይ ቁጭ ብሎ እንኳ ትንፋሽ ካጠረው ሁለት ሳምንትም አይጠበቅም። አጎቴን ያልኩት ይህንኑ ነው። «ጋሼ፣ ሲጋራውን እንዳትነካ፤ ነገ ጠዋት ግን ጤና ጣቢያ ሂድ።»

መጀመሪያ የሚለቀው

ሳሉ ቀደመን እንጂ ለውጡ የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው፣ በሰዓታት ውስጥ።

ክረምት ላይ ከሰል ቤት አስገብተው የተኙ ሰዎች የሚሞቱበትን ጋዝ ሁላችንም እናውቀዋለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። የሲጋራ ጭስ ውስጥም አለ። ኦክስጅን ተሸካሚው የደማችን ክፍል ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ታክሲው ላይ የማይወርድ ተሳፋሪ እንደተቀመጠ ቁጠሩት። ወንበሩ ተይዟል፤ ኦክስጅን ቆሞ ይቀራል።

አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ለሚያጨስ ሰው ይህ ነገር ይብሳል። አዲስ አበባ ባለችበት፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ቀድሞውንም ትንሽ ነው። ከዚያችው ላይ ነው ሲጋራው ወንበር የሚይዘው።

ደስ የሚለው ነገር ይህ ጋዝ ቶሎ ይወጣል። ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ደም ውስጥ ያለው በግማሽ ይቀንሳል። በሚቀጥሉት አራት አምስት ሰዓታት የቀረው ደግሞ በግማሽ። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ሳያጨስ የሚውል ሰው ይህን በየቀኑ ይሠራዋል። የማግሪብ አዛን ሲሰማ ከሌሊቱ ጋዝ ሩቡ እንኳ ደሙ ውስጥ አልቀረም። አብዛኛውን ጋዝ አስወጥቶ ነው ሲጋራ የሚለኩሰው። ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሽታና ጣዕም መመለስ ይጀምራሉ። ያው ሰሞን ግን ቁጣው፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ መቅበጥበጡም ይበረታል፤ ኒኮቲን ከሰውነት ወጥቶ አእምሮ የለመደውን የሚፈልግበት ጊዜ ነው። የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገደማ ሲሆን በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይረግባል። አምሮቱ ሲመጣ ደግሞ እንደ ማዕበል ነው፤ ለጥቂት ደቂቃ ይነሳና ይወርዳል። የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር፣ እንዲሁም ቫረኒክሊንና ቡፕሮፒዮን የሚባሉት መድኃኒቶች ለዚህ የተሠሩ ናቸው። ሁሉም የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ወኔ የሌለው ሰው ነው የሚወስዳቸው የሚል ሰው ካለ አትስሙት።

ስለ ቡናም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የሲጋራ ጭስ ጉበታችን ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ስለዚህ አጫሽ ሰው ብዙ ቡና ይችላል። ሲጋራውን ሲያቆም ግን ጉበቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ተፈጥሮ ፍጥነቱ ይመለሳል። ሰውየው አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን እንደ ድሮው ይጠጣል፤ ካፌይኑ ግን አልወጣ ብሎ ይከማቻል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ሌሊት ያፈጣል። «ሲጋራ ማቆም እንዲህ አደረገኝ» ይላል። ከፊሉ ቡናው ነው። ለአስም ቴዎፊሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሲጋራ ማቆሙን ለሐኪሙ መንገር አለበት። መድኃኒቱ የሚወጣው በዚያው መንገድ ስለሆነ በፊት የሚወስደው መጠን አሁን ሊበዛበት ይችላል።

በሲኒ የሚለካ ሳንባ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ሳንባው ይመለሳል ወይ?

ሐኪሞች ይህን የሚለኩበት ቀላል መሣሪያ አለ፤ ስፓይሮሜትር ይባላል። አየር እስከ ጥግ ትስባላችሁ፣ ከዚያ ባላችሁ ኃይል ትነፉበታላችሁ። መሣሪያው በመጀመሪያዋ ሰከንድ ስንት አየር እንደወጣ ይቆጥራል። ጤነኛ ጎልማሳ ወንድ ከ3 እስከ 4 ሊትር ገደማ ያወጣል።

ይህ ቁጥር ከሃያዎቹ ዕድሜ በኋላ በማንኛውም ሰው ላይ ይቀንሳል፤ እንደ ፀጉር መሸበት ነው። ያላጨሰ ሰው በዓመት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ያጣል። የሚያጨስ ሰው ደግሞ፣ በተለይ ሳንባው ለጭስ ስስ ከሆነ፣ እጥፍና ከዚያ በላይ። ቻርልስ ፍሌቸርና ሪቻርድ ፒቶ የሚባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች የለንደን ሠራተኞችን ለስምንት ዓመት ተከታትለው በ1977 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር አሳዩ። ሲጋራ ያቆመ ሰው ያጣውን አያስመልስም፤ ቁልቁለቱ ግን ይለዝባል።

በኋላ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ የተሠራው ጥናት ነገሩን ይበልጥ አጠራው። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቧንቧቸው መጥበብ የጀመረ 5,887 አጫሾች ተካተቱ። ሲጋራ ያቆሙት ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት መቀነሱ ቀርቶ በአማካይ 47 ሚሊ ሊትር ጨመሩ። ቧንቧው ማበጡ ሲቀንስ፣ አክታው ሲወጣ፣ ጡንቻው ሲላላ የተገኘች ናት። ከዚያ በኋላ ጭማሪ የለም። ከ11 ዓመት በኋላ ሲለኩ፣ ማጨሳቸውን የቀጠሉ ወንዶች በዓመት 66 ሚሊ ሊትር ያጡ ነበር፤ ያቆሙት 30። ሴቶቹ ደግሞ 54 እና 22።

በቁጥር ትንሽ ይመስላል። በሲኒ እናስበው። 66 እና 30 መካከል ያለው ልዩነት በ11 ዓመት ሲባዛ 400 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። አንድ የቡና ሲኒ ከ70 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። ስለዚህ ያቆመው ሰው ካላቆመው ጓደኛው በእያንዳንዷ ኃይለኛ ትንፋሽ አምስት ሲኒ አየር ይበልጠዋል። አምስት ሲኒ ማለት በስልሳ ዓመት ዕድሜ እንጦጦን በእግር መውጣትና ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ማለክለክ ነው ልዩነቱ።

ይህን የምለው አንድ የተለመደ ተስፋ መቁረጥ ስላለ ነው። ሰው ሲጋራ አቁሞ ስድስት ወር ቆይቶ ይመረመራል። ሐኪሙ «ያው ነው» ይለዋል። እሱም «ታዲያ ምን ጥቅም አገኘሁ?» ይላል። «ያው ነው» ማለት እኮ ትልቅ ነገር ነው። ቁልቁል ሲንከባለል የነበረ መኪና ቆመ ማለት ነው።

የማይመለሰው

ከረጢቶቹ ላይ ግን መዋሸት አይቻልም።

ጭስ ሲገባ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ሳንባ ይጎርፋሉ። ጀርም የመጣ መስሏቸው ነው። ጀርም ለመፍጨት የያዙትን ኬሚካል ይረጩታል። ጀርም በሌለበት ኬሚካሉ የሚበላው የከረጢቶቹን ግድግዳ ነው፤ በተለይ ግድግዳውን እንደ ላስቲክ የሚያሳስበውን ክር። ሰውነታችን ለዚህ ማርከሻ አለው፤ ጭሱ ግን ማርከሻውንም ያደክመዋል። ግድግዳዎቹ ይፈርሳሉ፣ ትናንሽ ከረጢቶች ተገናኝተው ትልልቅ ይሆናሉ።

ትልቅ ክፍል ጥሩ ይመስላል አይደል? የሳንባ ሥራ ግን ግድግዳው ላይ ነው ያለው። ደምና አየር የሚገናኙት እዚያ ነው። አሥር ጠባብ ክፍሎች ያሉትን ሰርቪስ ቤት ግድግዳዎቹን አፍርሳችሁ አንድ አዳራሽ ብታደርጉት ባዶው ቦታ ያው ነው፤ ሥዕል የምትሰቅሉበት ግድግዳ ግን አለቀ። ላስቲኩም ስለላላ አየሩ በቀላሉ ገብቶ አልወጣም ይላል። እንዲህ የሆነ ሰው ችግሩ አየር መሳብ ብቻ ሳይሆን አየር ማስወጣት ነው። ኤምፊዚማ ይባላል።

የፈረሰ ግድግዳ ሲጋራ ሲቆም ተመልሶ አይሠራም። ያልፈረሰው ግን ከመፍረስ ይድናል። የቧንቧው ማበጥም ቢሆን ሕመሙ ሥር የሰደደባቸው ሰዎች ላይ ካቆሙ በኋላ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ጥቁሩ ቀለምም እንዲሁ። ጥላሸት የዋጡ ጠባቂ ሕዋሳት ዓመታት ሳንባ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሲጋራ ያቆመ ሰው ሳንባ በሦስት ወር ሮዝ ሲሆን የሚያሳዩት ሥዕሎች ማስታወቂያ ናቸው።

እንቅልፍ ላይ የነበሩት

ከሰማኋቸው ሁሉ የገረመኝ ግን ይኼኛው ነው። በጥር 2020 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ሳንገር ኢንስቲትዩትና የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። ከ16 ሰዎች የአየር ቧንቧ ትንሽ ትንሽ ናሙና ወሰዱ። የሚያጨሱ አሉበት፣ ያቆሙ አሉበት፣ አጭሰው የማያውቁም አሉበት። ከናሙናው ሕዋሳትን አንድ በአንድ ለይተው አራቧቸው፤ የእያንዳንዳቸውንም ዘረ መል አነበቡ።

የሚያጨሱት ላይ ከአሥር ሕዋስ ዘጠኙ በጭስ የተበላሸ ነበር፤ አንዳንዱ እስከ 10,000 የሚደርስ ትርፍ የዘረ መል ስህተት ተሸክሟል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው ያቆሙት ላይ የታየው ነው። እነሱ ላይ እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት ሕዋሳት አጭሶ የማያውቅ ሰው ሕዋስ ይመስላሉ። ከሚያጨሱት ጋር ሲነጻጸር አራት እጥፍ ነው። አሥርት ዓመታት ያጨሱ ሰዎች ላይ ሳይቀር።

የተበላሸ ዘረ መል ራሱን አይጠግንም። ታዲያ ንጹሖቹ ከየት መጡ? ተመራማሪዎቹ አንድ ፍንጭ አገኙ። ሕዋስ በተከፋፈለ ቁጥር የክሮሞሶሙ ጫፍ እያጠረ ይሄዳል፤ የእነዚህ ጫፍ ግን ረጅም ነው። ብዙ አልተከፋፈሉም ማለት ነው። ጭሱ ሳያገኛቸው አንድ ጥግ ላይ ተኝተው የቆዩ ይመስላሉ። ጭሱ ሲቆም ተነስተው የተበላሹትን ቦታ መያዝ ጀመሩ።

ይህ ከካንሰር ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። የሳንባ ካንሰር የሚነሳው ከእነዚያ ስህተት ከተከማቸባቸው ሕዋሳት ነው። እነሱ በንጹሖች ሲተኩ አደጋው ይቀንሳል። ካቆሙ ከአሥር ዓመት በኋላ አደጋው ማጨስ ከቀጠለ ሰው ግማሽ ያህል ይሆናል። ምንም ካላጨሰ ሰው ጋር ግን ሙሉ በሙሉ እኩል አይሆንም፤ የቀሩት 60 በመቶዎቹ አሉና።

ዕድሜውም ይለያያል። እንግሊዝ ውስጥ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ስሌት የወንዶችን አደጋ እንዲህ አስቀምጦታል። ማጨሱን ከቀጠለ 75 ዓመት ሳይሞላው በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድሉ 16 በመቶ ገደማ ነው። በ60 ዓመቱ ካቆመ 10፣ በ50 ካቆመ 6፣ በ40 ካቆመ 3፣ በ30 ካቆመ 2 በመቶ አካባቢ። አጎቴ 54 ዓመቱ ነው። ይህን ሳነብለት ዝም ብሎ ሲያሰላ ቆየ።

«ቀንሻለሁ» እና ሌሎች መንገዶች

አሁን ወደ «አንድ ሁለት ፍሬ» እንመለስ። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ሌላ ትልቅ ጥናት በቀን ከአምስት ፍሬ በታች የሚያጨሱ ሰዎችን ለይቶ አየ። የሳንባቸው አቅም የሚቀንስበት ፍጥነት አጭሶ ከማያውቀው ይልቅ በቀን ከ30 በላይ ወደሚያጨሰው ይቀርብ ነበር። ነጭ የደም ሕዋሳቱን ለመጥራት ብዙ ጭስ አያስፈልግም ማለት ነው። ፀጉሮቹንም በየቀኑ መልሶ ለማፍዘዝ እንዲሁ። ቀንሶ ቀንሶ ዜሮ የሚገባ ሰው ይቅናው። ሁለት ላይ ቤት ሠርቶ የሚቀመጥ ሰው ግን ራሱን እየሸነገለ ነው።

ሺሻስ? ጭሱ በውኃ ውስጥ ያልፋል እንጂ አይታጠብም። ከላይ ያለው ከሰል ደግሞ ያንኑ የከሰል ጋዝ ይጨምርበታል። በርጫ ላይ ብቻ የሚያጨስ ሰውም አለ፤ ምርቃናው ሲመጣ ፍሬ በፍሬ እያለ አንድ ፓኮ ይጨርሳል። እንዲህ ያለ ሰው ሲጋራውን ለብቻው ለማቆም ከሞከረ ይቸገራል፤ ጫቱ በየጊዜው ይጠራዋል። የራሴ ግምት ነው፣ ግን ሁለቱን አብሮ ማቆም የሚቀል ይመስለኛል።

የሌላ ሰው ጭስም ገና ያገገመውን ማሳ ይመታል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቤት ውስጥ ባሉ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎችና በሥራ ቦታ ማጨስን የከለከለው ይሄን ጭስ አስቦ ነው። የማገዶ ጭስም ያው ጭስ ነው። አጭሰው የማያውቁ እናቶቻችን በእንጨት ጭስ የሚያስሉት ሳል ከአጫሹ ሳል ሩቅ አይደለም።

ስለ ወተት ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። «ወተት ሳንባ ያጥባል» ይባላል። ወተት የሚሄደው ሆድ ነው። ወደ ሳንባ የሄደ ቀን ትን ብሎን ሆስፒታል ነው የምንገኘው። ዝንጅብሉም፣ አብሹም፣ ተልባውም እንዲሁ በሆድ በኩል ያልፋሉ፤ ጉሮሮ ያለሰልሱ ይሆናል፣ ቧንቧ ግን አይጠርጉም። ሳንባን የሚያጥብ ሻይም መድኃኒትም የለም። ጠራጊዎቹ እነዚያው ፀጉሮች ናቸው። ውኃ መጠጣትና በእግር መሄድ አይከፋም።

አጎቴ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ሰጠ። ነቀርሳ የለበትም ተባለ። በየሳምንቱ ሳሉን በስልክ ያሰማኝ ነበር፤ እንደ ውጤት ሪፖርት። ፋሲካ ሲደርስ የሚያሰማኝ አጣ። ደረጃ ሲወጣ አሁንም ያለከልካል፣ ሠላሳ ዓመት ሠላሳ ዓመት ነው። በበዓሉ ቀን ቤቱ ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ አቦሉ ተቀዳ፣ ቶናው ተቀዳ። በረካው ሲመጣ ሲኒውን በመዳፉ ሸፈነ። «እኔ ይብቃኝ፣ ዛሬ መተኛት እፈልጋለሁ» አለ።